በወረቀት አምስት ሺህ

ያን ዕለት ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ጋሽ ወልደሥላሴ ተሾመችን አያገኟትም ነበር። ባያገኟት ኖሮ ደግሞ እስከ ዛሬ ብልህ ሰው ነኝ እያሉ በሰላም በኖሩ። ግን የቦንጋ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብለህ ጃንጥላህን ትተህ ትወጣለህ፤ ገበያው አጠገብ ስትደርስ ጠብቆ ይለቅብሃል። ባጃጆቹም ያን ጊዜ ሰው ሞልተው ሽው እያሉ ያልፋሉ፣ እጅህን ብትዘረጋ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።

እናም ጋሽ ወልደሥላሴ የቤታቸውን ካርታ ኮፒ በፌስታል ጠቅልለው ከኮታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የእህታቸውን ልጅ ትሁትን አስከትለው አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ጉዟቸው ወደ ሐዲስ ቢሮ ነበር። ሐዲስ ፍሪጅ የሚያስጠግን፣ ለባንክ ኤሲ፣ ለሆቴሎች የውሃ ማሞቂያ፣ ለሥጋ ቤቶች የማቀዝቀዣ ክፍል የሚያስተክል ድርጅት ባለቤት ነው። ትሁት ይህንኑ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ሙያ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። የሐዲስን ፈተና አልፋለች፤ የቀራት ዋስ አቅርቦ ውል መፈረም ብቻ ነበር። ዋሱ እንግዲህ አጎቷ ናቸው።

ዋስ መሆን በእኛ ዘንድ ፈርሞ መሄድ ብቻ አይምሰላችሁ። ዋስ የሆነ ሰው ልጁን እንደ ልጁ ያያል፣ ለቀጣሪው አደራ ይላል፣ ደመወዙንም ቁጭ ብሎ ተደራድሮ የሚጨርሰው እሱ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ ባለካርታ ቤትና ያልጎደፈ ስም ስላላቸው የስንቱን ልጅ ዋስ ሆነዋል። ሲደራደሩም የሚያውቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "እጁ ላይ ስንት ይገባል?" ይላሉ። በእሳቸው አይፈረድም፤ አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እጅ ያልገባው የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት ደግሞ የማንም አይደለም ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ባለፈው ሳምንት ለትሁትም እንዲሁ ተደራድረውላት ነበር። ሐዲስ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ብሎ ጀመረ። እሳቸውም የለመዱትን ጥያቄ ጠየቁ። ሐዲስ ስልኩን አውጥቶ ነካካና ግብሩም ጡረታውም ሲነሳ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር ብር እጇ ይገባል አላቸው። የጋሽ ወልደሥላሴ ፊት ጠቆረ። ከአሥራ ሁለት ሺህ ውስጥ ሦስት ሺህ የሚያህል ብር እንደ ቀልድ መሄዱ ነው! ከዚያ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በገዛ አፋቸው፣ "ሌላ መላ የለህም ወይ?" አሉት።

ሐዲስ መላ አያጣም። በወረቀት ላይ አምስት ሺህ ይጻፍ፣ ሰባት ሺውን በእጅ እሰጣታለሁ አለ። ግብርና ጡረታ የሚነሳው ከአምስት ሺው ላይ ብቻ ስለሚሆን ልጅቷ በወር አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ይዛ ቤቷ ትገባለች። ጋሽ ወልደሥላሴ ደስ ብሏቸው እጁን ጨበጡት። በሰባት ሺው ላይ ቀጣሪው ራሱ ማዋጣት የነበረበትን የጡረታ ድርሻ እንዳተረፈ ሐዲስ አልነገራቸውም። ቢነግራቸውም "ጎሽ፣ አንተም ተጠቀም" ነበር የሚሉት።

ይህንን ለትሁት ያበሰሯት ያን ጠዋት መንገድ ላይ ነው። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ትስመኛለች ብለው ነበር። ልጅቷ ግን ባለችበት ቆመችና፣ "ጋሼ፣ እኔ በአምስት ሺህ አልፈርምም" አለቻቸው።

ከዚያ እስከ በረንዳው ድረስ ሲከራከሩ መጡ። ጋሽ ወልደሥላሴ መጀመሪያ ያልገባት መስሏቸው እንደገና አስረዷት። የምትቀበለው አሥራ አንድ ሺህ መሆኑን፣ አምስት ሺው ለወረቀቱ ያህል እንደሆነ ነገሯት። ገብቷታል። እንዲያውም ከእሳቸው በላይ ገብቷታል፣ ክፋቱም እሱ ነው።

"አሥራ ሁለት ሺህ የሚያወጣ ሥራ ሠርቼ የአምስት ሺህ ሠራተኛ ነኝ ብዬ አልፈርምም" አለች። "ሥራው እኮ መሰላል ላይ ነው፣ ጋዝ ነው፣ መብራት ነው። አንድ ቀን ብጎዳ የሚቆጠርልኝ በእጄ የተቀበልኩት አይደለም፣ የፈረምኩት ነው። ባረጅም የሚቆጠርልኝ እሱ ነው።"

"ገና ምን ያስረጅሻል አንቺ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ። ዛሬን ሳትበይ የእርጅናሽን ትቆጥሪያለሽ?"

"እርስዎ በየወሩ ባንክ ሄደው የሚቀበሉት ምንድን ነው ጋሼ?"

"ጡረታዬ ነዋ። በቡና ልማቱ መጋዘን ዕድሜዬን የፈጀሁበት።"

"ያኔ ሲቆረጥብዎ ወደውት ነበር?"

አልወደዱትም ነበር። ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር የቆረጠባቸውን ሒሳብ ሹም በሆዳቸው ሲራገሙ ነው የኖሩት። ዛሬ ግን ያ ርግማን መድኃኒታቸውን ይገዛል፣ የመብራት ይከፍላል፣ የማንንም ልጅ እጅ እንዳያዩ አድርጓቸዋል። ይህንን ልቦናቸው ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲረታ ግን መልስ ከማጣት ይልቅ ሌላ በር ያንኳኳል፤ እሳቸውም ወደ እናቷ ዞሩ።

ይህኛው በር ክፉ ነበር። የትሁት እናት፣ የእሳቸው እህት ምሥራቅ፣ የምትኖረው ደካ የሚባል ገጠር ነው። ልጇን ለማስተማር፣ ለቤት ኪራይዋና ለቀለቧ ብላ የቡና መሬቷን ለአንድ ባለገንዘብ በወለድ አገድ ሰጥታዋለች። ብሩን እስክትመልስ መሬቱም ቡናውም የሰውዬው ነው።

"እናትሽ የገዛ ቡናዋን በቀን ሠራተኛነት ለሰው እየለቀመች ነው" አሏት። "በወር ሁለት ሺህ ከምናምን ብር ልዩነት አለው የምልሽ ነገር። እሱ ብር የእናትሽ መሬት ነው። ለወረቀት ብለሽ እናትሽን አንድ ዓመት ጨምረሽ በራሷ ጓሮ ሎሌ ልታደርጊያት ነው?"

ትሁት አንገቷን ደፋች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ እንዳሸነፉ አዩ፣ በማሸነፋቸውም ትንሽ ደስ አላቸው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ልጅቷ ሄዳ ትፈርም ነበር፤ ይህ ታሪክም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሰው ግን ሲያሸንፍ ምስክር ያምረዋል።

በረንዳው ጥግ ላይ አንዲት ሴት ቆጮዋን በላስቲክ ሸፍና፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ቀና ስትል ተሾመች ሆና ተገኘች። ተሾመች የሰብሃት ሚስት ናት፤ ነበረች ማለት ይሻላል። ሰብሃት የሐዲስ ዋና ቴክኒሻን ነበር፣ ፍሪጅ የታመመበት ሰው ሁሉ ስሙን ሲጠራ የሚውል። ቆዳ ጃኬት ይለብስ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ያስቆርጥ ነበር። አምና በክረምት የአንድ ሕንፃ ኤሲ ሊሰቅል ግድግዳ ላይ ወጥቶ፣ መሰላሉ አንሸራትቶት ወደቀና ሆስፒታል ገብቶ ሞተ። ከዚያ ተሾመች ቆጮ መሸጥ ጀመረች። ከተማው ያን ሁሉ ደመወዝ የት አደረሰችው ብሎ ጠየቀ፣ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ የሙት ገንዘብ በላች ተባለች። በእኛ አገር የተራበ ሰው ጥፋት ሳይገኝለት አይታለፍም። ጋሽ ወልደሥላሴም እድር ላይ ይህንኑ ብለዋል፣ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ።

አሁን ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ በፍቅር ሰላም አሏት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቁ፣ ትሁትን አስተዋወቁ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ ነገሯትና፣ "አንቺ የቴክኒሻን ሚስት ነበርሽ፤ ሰብሃት በእጁ እየተቀበለ እንዴት እንዳኖራችሁ እስቲ ለዚች ልጅ ንገሪያት" አሏት።

ተሾመች ቆጮዋን የሸፈነችበትን ላስቲክ አስተካከለች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"በደንብ ኖረናል፤ አልዋሽም" አለች። "በወረቀት አራት ሺህ ነበር፣ የቀረው በእጁ ነበር የሚሰጠው። ጎረቤቴ የመምህር ሚስት ናት፤ ግብር ተቆረጠብን፣ ጡረታ ተቆረጠብን እያለች ስታማርር እስቅባት ነበር። የእኔ ባል ብልጥ ነው እል ነበር።"

"አየሽ!" አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ ወደ ትሁት ዞረው።

"ይቆዩኝ ጋሽ ወልደሥላሴ፣ አልጨረስኩም። ሰብሃት ከሞተ በኋላ የጡረታውን ነገር ልጠይቅ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ። የሚጽፈው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና ባለቤትሽ አራት ሺህ ብር ነበር የሚያገኘው አለኝ። አይደለም አልኩት። ባሌ ጅማ ድረስ የሚጠራ ሙያተኛ ነው፣ የአራት ሺህ ሰው አይደለም አልኩት። ልጁ አልተቆጣኝም። 'እናቴ፣ እዚህ ያለው እሱ ራሱ የፈረመው ነው' አለኝ። ካሳውም ከዚያው ላይ ነው የተሰላው። ከአራት ሺው ላይ ተቆራርሶ ለእኔ የሚደርሰኝ ለቤት ኪራይም አልበቃ።"

ጋሽ ወልደሥላሴ ሐዲስ እንዳልረዳት ጠየቁ። ረድቷል አለች፤ ለቅሶ መጥቷል፣ ለድንኳኑ ከፍሏል፣ ደረቱንም መትቷል። ከአርባው በኋላ እውነተኛውን ደመወዝ መስክርልኝ ብላ ስትሄድበት ግን የሰብሃትን ፊርማ አውጥቶ አሳያት። ሌላ ምስክር ደግሞ የለም። በእጅ የሚሰጥ ብር ሰጪና ተቀባይ እንጂ ምስክር የለውም።

"የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል" አለች። "እኛ ስንልስ ነበር። ሰው ብሩን በላችው ይላል። የቱን ብር ጋሽ ወልደሥላሴ? እርስዎም እንዲህ ብለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። የማያውቅ ሰው እንዲያ ነው የሚመስለው።" ተሾመች ሲከፋት አማርኛው ያጥራታል፤ የቀረውን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በካፊኖኖ ጨረሰችው። ጋሽ ወልደሥላሴ እያንዳንዱን ቃል ሰሙት፣ እኔ ግን እዚህ አልጽፈውም።

እንዲህ ያለ እፍረት በዚያ ዕድሜ ሰው ላይ ሲወርድ ማየት ደስ አይልም። ይቅርታ ግን አልጠየቋትም። የስንቱን ልጅ ደመወዝ እንዲህ ተደራድረው እንደጨረሱ አሰቡ። ለስንቱ "እጁ ላይ ስንት ይገባል" ብለው ጠይቀው፣ ለስንቱ ተመርቀው እንደወጡ አሰቡ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንኳ ቢወድቅ ሚስቱ የምትቀመጠው ይህች ሴት አጠገብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ትሁትን፣ "ልክ ነሽ ልጄ፤ በሙሉው ነው የምትፈርሚው" አሏት።

ትሁት ያን ጊዜ አልተደሰተችም። የምታስበው የእናቷን መሬት ነበር።

ሐዲስ ቢሮ ሲደርሱ ውሉ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አሰናድተው ነበር የመጡት። ገና ሁለት ቃል ሳይናገሩ ግን ሐዲስ ፈገግ ብሎ፣ "ጋሽዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሌላ መላ አምጣ ያሉኝ ራስዎ አይደሉም እንዴ?" አላቸው። በዚህች አንድ አረፍተ ነገር አፋቸው ተያዘ። እውነቱን ነው፣ ምን ይበሉት? የሰብሃትን ስም ሊያነሱ ፈለጉ፤ ሰውዬው በትሕትና ሻይ እያዘዘላቸው ስለነበር ይሉኝታ ያዛቸው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የሚቆጥረው ቢገኝ ጥሩ ነበር።

የተናገረችው ትሁት ብቻ ናት። ደመወዟ እንዳለ ደመወዝ መክፈያው ፔሮል ላይ እንዲገባ፣ ግብሩና ጡረታው እንዲነሳ፣ እሷ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥሩን ይዛ እንደምትሄድ በአክብሮት ነገረችው። ሐዲስም በአክብሮት ሰማት። ለአንቺ እንዲህ ካደረግኩ ሌሎቹም ይጠይቁኛል፣ ባለሙያው ራሱ በእጄ ስጠኝ እያለ ነው የሚመጣው፣ እኔ ማንንም አላስገደድኩም፣ አስቢበትና ተመለሺ አላት። አስቤበታለሁ አለችው። አጎትና የእህት ልጅ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ።

ሐዲስ አልደወለም። ትሁት ሳምንት ጠበቀች፣ ሌላ ሳምንት ጠበቀች። ዋጫ ከተማ ድረስ ሄዳ ጠየቀች፣ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም አመለከተች፤ ቦታ የለም፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ነይ ተባለች። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛዋ ጅማ ካለ የፍሪጅ መጠገኛ ቤት በቀን ሥራ አስገባቻትና ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ጋሽ ወልደሥላሴ መነኸሪያ ድረስ ሸኟት። እናቷ ደካ ሆና የሰውን ቡና መልቀሟን ቀጠለች። እውነት የተናገረ ሰው ወዲያው ይሾማል ብሎ የነገራችሁ ካለ እሱ ቦንጋን አያውቅም።

ትሁት በሄደች በወሩ ተሾመች የጋሽ ወልደሥላሴን በር አንኳኳች። ከኋላዋ የበኩር ልጇ ነቢዩ ቆሞ ነበር። ነቢዩ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ወጣት ነው። ሙያውን ከአባቱ ተምሯል፣ በኋላም የብቃት ምዘናውን ወስዶ ማረጋገጫውን ይዟል። ተሾመች ቁጭ በይ ስትባል አልቀመጥም ብላ ቆማ ተናገረች። ሐዲስ ልጇን ሊቀጥርላት ነው፤ ትሁት በተወችው ቦታ ላይ። በወረቀት አምስት ሺህ፣ ሰባት ሺው በእጅ። ዋስ አምጪ ብሏታል። የእድሩን ሰዎች ሁሉ ለምናለች፣ የሙት ገንዘብ የበላች ሴት ነገ የልጇን ዕዳ ታሸክመናለች ብለው እሺ ያላት የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ጋሽ ወልደሥላሴን እንደ ጦር ወጋቸው። ያንን ወሬ እነዚያ ሰዎች ከማን እንደሰሙት ያውቃሉ።

"ተሾመች፣" አሏት፣ "እኔን ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ። በዚያ በረንዳ ላይ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ያንን ሁሉ ያየሽ ሴት ልጅሽን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትከቺዋለሽ?"

"አውቃለሁ" አለች ተሾመች። "ያኔ የተናገርኩት ለሰው ልጅ ነው። ለሰው ልጅ እውነት መናገር ቀላል ነው። የራሴ ቤት ግን የሦስት ወር ኪራይ አለበት፤ ትንሿ ልጄም ከትምህርት ቤት ልትቀር ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን አይደለም ጋሽ ወልደሥላሴ። የዚህን ወር ነው።"

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣ። ጋሽ ወልደሥላሴ ዋስ እሆናለሁ አሏት፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ሦስቱም አብረው ወጡ።

ሐዲስ ያን ሰሞን ሰው አጥቶ ተጨንቆ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ቆሞ ኢንሱሊኑ ሊበላሽ ነው ተብሎ ስልኩ ይጮሃል፣ የሆቴሉ ማሞቂያ ውሃ ያንጠባጥባል። ሲገቡ ደስ ብሎት ተነሣ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሻዩን አልፈልግም አሉ። በዚህ ጊዜ ይሉኝታቸውን ቤት ትተውት ነበር የመጡት።

"ዋስ የምሆነው ደመወዙ ሙሉውን ከተጻፈ ብቻ ነው" አሉት።

ተሾመች ደነገጠች። ክንዳቸውን ያዘች፤ አልዞሩም።

"ጋሽዬ፣ እንደገና?" አለ ሐዲስ። "እናትየዋ ራሷ ተስማምታለች እኮ። ለእሷም የሚሻላት ይሄ ነው። ግብር ብከፍል ምን ይጠቅማታል?"

"እኔም እንዲያ ነበር የምለው። አሁን ስማኝ ልጄ። እኔ ጡረታዬ ሲቆረጥ ስራገም የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ የምበላው እሱን ነው። ይህ ልጅ ሙሉው ከተጻፈለት ቢጎዳ ሙሉው ይቆጠርለታል፣ ቢሞት ሚስትና ልጅ ቢኖሩት በሙሉው ይታሰብላቸዋል፣ ቢሸመግል እንደ እኔ የማንንም ደጅ አይጠናም። ካንተ ቢጣላና ቢወጣ የት ሄዶ ስንት ያገኝ እንደነበር የሚያሳይበት አለው። ባንክ ብድር ቢጠይቅ ስንት ታገኛለህ ሲሉት አያፍርም። ግብሩም ቢሆን አይጣፍጥም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሰብሃት በወደቀ ቀን የተኛበት ሆስፒታል በማን ብር የተሠራ ይመስልሃል? አንተም ብትሆን ሰው በሞተብህ ቁጥር ፊርማ እያሳየህ ሴት ከበርህ አትመልስም። በሰላም ታድራለህ።"

ሐዲስ ፈገግታው ጠፋ። ሌላ ዋስ ሊፈልግ እንደሚችል ተናገረ። ጋሽ ወልደሥላሴ ይህንን የጠበቁት ይመስል ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ፈልግ" አሉት። "እኔ ግን ከዚህ ተነሥቼ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ እሄዳለሁ። ለእህቴ ልጅ በወረቀት ስንት፣ በእጅ ስንት ልትሰጣት እንደነበር በዚህ ክፍል ውስጥ የተዋዋልከው ከእኔ ጋር ነው። እኔም አብሬ ጥፋተኛ ነኝ፤ አብሬህ እጠየቃለሁ። ሰብሃት ምስክር አልነበረውም። ይህ ልጅ አለው።"

ከዚያ በኋላ የተባለው ብዙ ነው፤ ሐዲስም ተቆጥቷል፣ ስለ ክብር ተናግሯል፣ ስልኩም በመካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኋል። በመጨረሻ ሙሉውን ፔሮል ላይ አስገባለሁ አለ። ግን አሥራ ሁለት ሺህ አይደለም፣ የእኔም ድርሻ ስለሚጨምር አሥር ሺህ ነው፣ አራት ነጥብ አለ። ግብርና ጡረታ ሲነሳ ነቢዩ እጁ ላይ የሚገባው ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ነቢዩ እናቱን አየ፣ እናቱ መሬት መሬቱን አየች። ፈረመ። ጋሽ ወልደሥላሴም በዋስነት ፈረሙ፣ የአደጋ መከላከያ ቀበቶ ሳይታጠቅ ግድግዳ ላይ እንዳይወጣም አስጻፉ።

እስክሪብቶውን ሲያስቀምጡ ትሁት ትዝ አለቻቸው። ይህን ያህል አፍ የነበራቸው ሰው የመጀመሪያው ቀን የት ነበሩ? ያን ቀን እንዲህ ቢናገሩ ኖሮ አሁን እዚህ ወንበር ላይ የምትፈርመው እሷ ነበረች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለአንድ አፍታ በነቢዩ ቀኑበት፣ ወዲያው ደግሞ በራሳቸው አፈሩ።

መንገድ ላይ ጋሽ ወልደሥላሴ ተሾመችን ሊያጽናኗት ሞከሩ። ልጁ ልምድ ሲያገኝ ደመወዙ እንደሚያድግ፣ ባደገ ቁጥርም ጡረታው አብሮ እንደሚያድግ፣ ነገ ትዳር ቢይዝ ቤቱ በአንድ መሰላል ላይ የተንጠለጠለ እንደማይሆን ነገሯት። የእድሩን ሰዎች እሳቸው ራሳቸው ሰብስበው የሙት ገንዘብ እንዳልበላች እንደሚመሰክሩላትም ቃል ገቡላት። ተሾመች ሁሉንም እየሰማች፣ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። የባጃጁ ፌርማታ ሲደርሱ ቆመች።

"ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው" አለች። "ከእርስዎ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ልክ ለመሆን ዛሬ እርስዎ ምንም አልከፈሉም። በየወሩ ከእኔ ቤት ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ወሰዱ፣ ሳይጠይቁኝ። ልጄ ሲያረጅ ያመሰግንዎታል። እኔ ግን ያን ጊዜ አልኖርም።"

ባጃጁ ሲመጣ ልጇን አስገብታ ራሷም ገባች። ሰላም ዋሉ አላለቻቸውም። ጋሽ ወልደሥላሴ ሊሰጧት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ በኪሳቸው የነበረው የዚያ ወር ጡረታቸው ነበር። ባጃጁ ግን ሄዷል።